የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ ቤት ውስጥ ስካን አድርጎ በወጉ ማስቀመጥ፦ ከሣጥን እስከ ሃርድ ዲስክ

ይህን ሥራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ስካነር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ለአክስታችሁ ደውሉ እላለሁ። ፎቶው ደረቅ ቦታ ካለ ገና ብዙ ዓመት ይቆያል። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ በስም የሚያውቁት ግን ሰማንያን የተሻገሩት አክስታችሁ ናቸው። ስም የሌለው ፎቶ በምንም ዓይነት ማሽን ቢነሳ ለልጅ ልጆቻችሁ የባዕድ ፎቶ ነው።

ማሽኑን በተመለከተ ደግሞ ብዙ አትጨነቁ። ደህና ካሜራ ያለው ስልክ፣ አንድ ጠረጴዛና የመስኮት ብርሃን ካላችሁ አብዛኛው ሥራ ያልቃል። ስካነር ካለ እሰየው።

መሰብሰብ፣ ግን አለመበተን

ፎቶዎቹ አልበም ውስጥ ብቻ አይደሉም። ቁም ሣጥን ላይ ያለውን ሻንጣ፣ የእናታችሁን የድሮ ቦርሳ፣ የአያታችሁን ዳዊት፣ የሳሎኑን ግድግዳ እዩ። መጽሐፍ ውስጥ የተረሳ ጉርድ ፎቶ አንዳንዴ የአንድ ሰው ብቸኛ ፎቶ ሆኖ ይገኛል።

ስትሰበስቡ ሁሉንም አንድ ላይ አትዘርግፉት። አንድ ፖስታ ውስጥ አብረው የተቀመጡ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሰው ናቸው። ያ ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው። አልበም ከሆነ ምንም ከመንቀላችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክ አንሱት። ከዚያ ለየፖስታውና ለየአልበሙ ፊደል ስጡ፦ ሀ፣ ለ፣ መ እያላችሁ። ፎቶዎቹ ደግሞ ሀ001፣ ሀ002 እየተባሉ ይቆጠራሉ። ይህ ቁጥር እስከ መጨረሻው አብሯቸው ይሄዳል።

ሥራውን ክረምት ላይ አትጀምሩት። እርጥበት ያለው ፎቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ወራት ይሻላል። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ቅባትና ሎሽን አይኖርም። ቡናው በሌላ ጠረጴዛ ላይ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በአፍ አትንፉት፣ ምራቅ ይደርሳል። ውኃ፣ አልኮልና ሶፍት ፎቶ ላይ አይነኩም።

ከዚያ መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ጨከን ማለት ያስፈልጋል። ከአንድ ሠርግ ሦስት መቶ ፎቶ ካለ፣ ሙሽሮቹ ከየሚዜው ጋር አንድ ዓይነት አቋቋም ላይ የተነሱት ሁሉ መጀመሪያ ስካን ይደረጉ አይባልም። ሃያውን ምረጡ፣ ሌላው ይቆይ። የደበዘዘና የተደጋገመ ፎቶ ወደ ኋላ ይሂድ፤ ግን ጀርባውን ሳታዩ ምንም አትጣሉ። ከፊሉ በመቀስ የተቆረጠ፣ ወይም የአንድ ሰው ፊት የጠፋበት ፎቶ ካገኛችሁም አትጣሉት። በደርግ ጊዜ ፍተሻ ፈርተው ፎቶ ያቃጠሉ፣ የቀበሩ፣ የቆረጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የተቆረጠው ጎን ራሱ ታሪክ አለው። ማን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ካለ ዛሬ ይጠየቅ።

ስሙን መያዝ

የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል ይኼ ነው፤ ጊዜም የሚወስደው እሱ ነው።

ፎቶዎቹን በቁጥራቸው ደርድራችሁ ከትልቅ ሰው ጋር ተቀመጡ። የስልኩን ድምፅ መቅጃ አብሩት፣ እንደምትቀዱም ንገሯቸው። እያንዳንዱን ፎቶ ስታነሱ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፦ «ሀ014» በሉ። ይህን ካላደረጋችሁ በኋላ ቅጂውን ስትሰሙ «ይቺማ የእሱ እህት ናት» የተባለችው ማን እንደሆነች ማወቅ አይቻልም።

«ይህ ማነው?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ማን አነሳው? የት ነው? ምን ተብሎ ተሰብስበው ነው? ከኋላ የሚታየው ቤት የማን ነው? ያን ቀን ማን ቀረ? ጥያቄው ወደ ነገሩ ሲጠጋ ትዝታው ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ፣ ይደክማቸዋል። ከቡና በኋላ ያለው ሰዓት ጥሩ ነው። እትዬ አንድ ነገር፣ ጋሼ ሌላ ነገር ካሉ ለማስታረቅ አትሞክሩ። ሁለቱንም ከነተናጋሪው ጻፉ። «ይኼን አጥፋው» ካሏችሁ ደግሞ አጥፉት። ሰው በቤተሰቡ ጉዳይ ዝም የማለት መብት አለው።

ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያሉ ዘመዶችን የምትጠይቁ ከሆነ፣ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ፎቶ ለማሳየት አትታገሉ። ፎቶዎቹን ከነቁጥራቸው አስቀድማችሁ ቤት ላለ ወጣት ላኩ። እሱ በትልቅ ስክሪን እያሳየ እናንተ በስልክ ትጠይቃላችሁ።

ስም ሲጻፍ ሙሉ ይሁን፦ ከነአባት፣ ከተቻለ ከነአያት። የቤት መጠሪያ ስምና የክርስትና ስምም ካለ ይጨመር፤ የድሮ ደብዳቤ ላይ የምታገኙት አንዳንዴ እነሱን ነውና። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «አባባ» ብላችሁ ፋይል ላይ አትጻፉ። ዛሬ ለእናንተ ጋሼ አንድ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የትኛው ጋሼ እንደሆኑ የሚነግር አይኖርም።

ፎቶው ጀርባ ላይ መጻፍ ከፈለጋችሁ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ አካባቢ፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊት ይሰርጋል፣ ከላይ ያለውን ፎቶም ያቆሽሻል። አዲሶቹ የሚያንሸራትቱ የፎቶ ወረቀቶች እርሳስ አይቀበሉም። እነሱን ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ፖስታው ላይ ጻፉ፣ ግን ፎቶውን ከማስገባታችሁ በፊት።

ዓመቱን መገመት

ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማህተም ካለ ግማሹ ሥራ ተሠራ። የፎቶ ቤቱን ስም፣ ከተማውንና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን መዝግቡ። አንድ ፎቶ ቤት የነበረበት ጊዜ ከታወቀ የሌሎቹንም ዘመን ይጠቁማል።

ልብስም ይናገራል። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ልብስ የለበሰ ወጣት ከሆነ ፎቶው 1967 ወይም 1968 ነው ማለት ይቻላል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከሆነ ከ1971 ወዲህ ነው። ወደ ቀይ ያደላ የቀለም ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ነው፤ የዚያን ጊዜ ወረቀት ሌሎቹ ቀለሞች ቶሎ ይለቁበታል። የልጆች ዕድሜም ጥሩ መለኪያ ነው፦ «ያኔ ታናሽየው አልተወለደም ነበር» የሚለው ቃል ፎቶውን በአንድ ሁለት ዓመት ያጠባል።

የድሮ ሰነድና ደብዳቤ ላይ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ፲፱፻፶፫ ካያችሁ፦ ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፶ ሃምሳ፣ ፫ ሦስት። ማለትም 1953 ነው።

ስካን ማድረግ

ስካነር ካላችሁ የምትጨነቁበት ቁጥር ዲፒአይ የሚባለው ነው፤ ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያነበው የነጥብ ብዛት ማለት ነው። ለተራ ሰነድ 300 ይበቃል። ለፎቶ 600 አድርጉት። ለሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ 1200። ለኔጋቲቭ ቢያንስ 2400፣ ያውም ለኔጋቲቭ የተሠራ መብራት ያለው ስካነር ሲሆን ነው። ለወረቀት ፎቶ ከዚህ በላይ ማውጣት ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር አይጨምርም።

ጥቁርና ነጭ ፎቶንም በቀለም ስካን አድርጉ። ቡናማው ጥላ፣ በእጅ የተቀባው ከንፈር፣ የማህተሙ ቀለም አብረው ይያዛሉ። ስካነሩ በራሱ ፎቶ «የሚያሳምርበትን» ምርጫ አጥፉት። ማሳመር በኋላ ኮፒው ላይ ይቻላል። አሮጌ ፎቶን ወረቀት ጎትቶ ለሚያስገባው የማሽን ክፍል በፍጹም አትስጡ፣ ይቀደዳል። መስታወቱ ላይ ተኝቶ ይሁን። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ወይም ማህተም ካለ ጀርባውም ለብቻው ስካን ይደረግ፦ ሀ014 እና ሀ014ጀርባ።

በስልክ ከሆነ ፎቶውን ጥቁር ወይም ግራጫ ጨርቅ ላይ አድርጉና ወደ መስኮት አጠገብ አምጡት። ቀጥታ ፀሐይ አይምታው፤ ስስ መጋረጃ ይጋረድ። ፍላሽ አይበራም። የጣሪያውንም አምፖል አጥፉት፣ ሁለት ዓይነት ብርሃን ፎቶውን ቢጫ ያደርገዋል። ስልኩ ከፎቶው ጋር ትክክል ጠፍጣፋ ሆኖ ይያዝ። ግራና ቀኝ መጽሐፍ ቆልላችሁ ስልኩን ከላይ ብታጋድሙትና በሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ብታነሱ እጅ አይንቀጠቀጥም። ሌንሱን ጥረጉ። የሚያብረቀርቅ ፎቶ ካስቸገራችሁ ጉግል ፎቶስካን የሚባለው ነፃ መተግበሪያ አንዱን ፎቶ ከተለያየ ቦታ ደጋግሞ ያነሳና ነጸብራቁን ያጠፋዋል።

አስቸጋሪ የሆኑት እነዚህ ናቸው፦

ፍሬም ውስጥ ያለ ፎቶ። ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ከሆነ፣ ያ ቦታ እርጥብ መስሎ ይጠቁራል። አትንቀሉት፤ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ አንሱት። የራሳችሁ ነጸብራቅ እንዳይገባ ከስልኩ ኋላ ጥቁር ነጠላ ልብስ ወይም ጨርቅ የሚይዝ ሰው ይኑር።

ሙጫ ያለው፣ በላስቲክ የሚሸፈን አልበም። ከሰባዎቹ ጀምሮ በየቤቱ ያለው ነው፣ ለፎቶም ጥሩ አይደለም። የጥርስ ክር በፎቶውና በገጹ መካከል አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ መጋዝ ነው። ፎቶው ከታጠፈ ወይም ከተሰነጠቀ አቁሙ። ላስቲኩን ብቻ ገልጣችሁ ገጹ ላይ እንዳለ አንሱት።

ኔጋቲቭ። ፎቶው ቢጠፋም ኔጋቲቩ ካለ ተርፏል፤ ብዙ ጊዜም ከታተመው ይልቅ ዝርዝር ይይዛል። ለጊዜው ስካነር ከሌለ የሌላ ስልክ ወይም ታብሌት ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ፣ ኔጋቲቩን ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አንሱት። ከፍ ካላለ የስክሪኑ ነጠብጣብ አብሮ ይገባል። ከዚያ በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ቀለሙን መገልበጥ ነው። ማን እንዳለበት ለማወቅ ይበቃል።

ኮፒ ቤት ወስዶ ማሠራትም ይቻላል፣ ለፎቶ አይከፋም። ግን ትታችሁ አትሂዱ። ሥራው እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ሲያጠፉላችሁ እዩ፣ ፍላሻችሁንም ቤት ስትገቡ በፀረ ቫይረስ አሳልፉ። የቤት ካርታና መታወቂያ ግን እንዲህ ያለ ቦታ ባይሄድ እመርጣለሁ።

ስለ ፋይል ዓይነት አንድ ነገር ብቻ። አሥር በአሥራ አምስት ፎቶ በ600 ዲፒአይ በቲፍ (ምስሉን ጥራቱ ሳይቀነስ በሚይዘው የፋይል ዓይነት) ቢቀመጥ 26 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ምስሉን ጨምቆ በሚያሳንሰው በጄፔግ፣ በጥሩ ጥራት ከሆነ፣ ከጥቂት ሜጋባይት አያልፍም። የአያት ቅድመ አያት ብቸኛ ፎቶ የሆኑትን በቲፍ፣ ሌላውን በጄፔግ አስቀምጡ። ለአንድ ሺህ ፎቶ ከዚህ በላይ መጨናነቅ አያስፈልግም።

ሰነዶቹ

ፎቶ ስሜት ይዞ ስለሚመጣ ሰው ሰነዱን ይረሳል። የይዞታ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሽያጭ ውል፣ ኑዛዜ፣ ውክልና፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የማትሪክ ውጤት፣ የጡረታ ደብተር፣ ያለፈበት ፓስፖርት። የዕድር ደብተርም ይጨመር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስም እዚያ ነው። የትርፍ ቤት አዋጅ ጊዜ የተሰጠ ወረቀት ካለ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁለት።

በስልክ የጉግል ድራይቭ ስካን ብዙ ገጽ ያለውን ሰነድ አንድ ፒዲኤፍ አድርጎ ያወጣል። መተግበሪያው ጥቁርና ነጭ ላድርገው ሲላችሁ እሺ አትበሉ። ሐምራዊው ማህተምና የደበዘዘው ፊርማ ይጠፋሉ። ሁሌም በቀለም፣ ሁሌም ሁለቱም ገጽ። ማረጋገጫ ማህተም ብዙ ጊዜ የሚመታው ጀርባው ላይ ነው።

ዋናውን ሰነድ ላሚኔት አታስደርጉ። እኛ ዘንድ ዲግሪና የልደት ሰርተፍኬት እንደያዙ ላሚኔት ማስደረግ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱና ሙጫው አይመለስም፣ ኋላ ላይ ማረጋገጫ ማህተም ጀርባው ላይ ለማስመታትም ያስቸግራል። ከተደረገ አትቅደዱት፣ እንዳለ ስካን አድርጉት። ዝገት የያዘ ስቴፕል ካለ አትጎትቱት፤ እግሮቹን ከጀርባ በስስ ቢላዋ ቀና አድርጋችሁ አውጡ። የታጠፈ ደብዳቤ ቀስ ተብሎ ይዘርጋ፣ በንጹህ ወረቀት መሐል ሆኖ ከመጽሐፍ ሥር ይደር። ካውያ አይነካውም። ፖስታውን አትጣሉ፣ የፖስታ ቤቱ ማህተም ቀኑን ይነግራችኋል።

ስካኑ ዋናውን አይተካም። ፍርድ ቤትም ሆነ ኤምባሲ ዋናውን አምጡ ይላሉ። ስካኑ የሚጠቅመው ዋናው ከጠፋ ቁጥሩንና የተሰጠበትን ቀን ይዞ ምትክ ለመጠየቅ ነው።

ስም መስጠትና ፎልደር

አንዱን አሠራር ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙት። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ቀን፣ ነገሩ፣ ቦታው፣ ቁጥሩ። ለምሳሌ፦

1967-05-11ዓም_ጥምቀት_ጎንደር_ሀ014

05 ጥር ነው፣ አምስተኛው ወር። «ዓም» የሚለው እንዳይቀር፤ ካልሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ የፈረንጅ ግንቦት አድርጎ ያነበዋል። ቀኑ ካልታወቀ 1967ዓም፣ ዓመቱም ካልታወቀ 1960ዎቹ ብላችሁ ጀምሩ። ገምታችሁ ከሆነ «ግምት» የሚል ይጨመር።

አንድ ጣጣ አለ። ስልክና ጉግል ፎቶስ ፎቶ የሚደረድሩት ፋይሉ ውስጥ ባለው የተነሳበት ቀን ነው። ስካን የተደረገ ፎቶ ካላስተካከላችሁት የአያታችሁ ሠርግ ከዛሬው የልደት ኬክ አጠገብ ይመጣል። ያንን ቀን ማስተካከል ይቻላል፣ ግን የሚቀበለው የፈረንጁን ብቻ ነው፤ ጳጉሜን ብትሰጡት አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ስለዚህ ቀይሩት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ዓመቱ ላይ 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ 8። ጥር 11 ቀን 1967 በፈረንጁ ጃንዋሪ 19 ቀን 1975 ነው።

ፊደልም ላይ ተስማሙ። አንዱ «ኃይሉ» ሌላው «ሀይሉ»፣ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። ስትፈልጉም አንዱን ብቻ ያመጣል። ሰውየው ራሳቸው ሰነዳቸው ላይ የጻፉበትን ያዙ፤ እሱ ካልተገኘ አንዱን ምረጡ።

ፎልደር አታብዙ። የቤተሰብ ስም ስለሌለን በስም መከፋፈል አያዋጣም፤ ልጁ፣ አባቱና አያቱ ሦስት ቦታ ይሄዳሉ። «በእናት ወገን»፣ «በአባት ወገን»፣ «ሰነድ»፣ «ድምፅ» ይበቃሉ። ዝርዝሩ አንድ ኤክሴል ላይ ይሁን፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ፎቶው ላይ ያሉ ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ማን ነገረን፣ ዋናው ፎቶ ማን ቤት ነው። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ማስቀመጥ

ሦስት ቅጂ ይኑር፣ ሁለት ዓይነት ነገር ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በተግባር ሲታይ፦ አንድ ላፕቶፕ ላይ፣ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለ ዘመድ ጋ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ እህት ካለች ሃርድ ዲስኩን በሚሄድ ሰው መላክ ሁሉንም በኢንተርኔት ከመጫን ይቀላል። ፍላሽ መሸከሚያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ዲስኩን በዓመት አንድ ጊዜ ሰክታችሁ ጥቂት ፋይሎችን ክፈቱ፤ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ወደ አዲስ ገልብጡ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ባትሪው ከሞላ ላፕቶፕ ገልብጡ፣ ሲያልቅም የፋይሎቹን ብዛት ከሁለቱም በኩል አመሳክሩ።

ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፣ ያውም ከኢሜይሉ ጋር በጋራ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የግል አካውንት ሊጠፋ እንደሚችልም እወቁ። በእናታችሁ ስም የከፈታችሁትና የይለፍ ቃሉን ማንም የማያስታውሰው አካውንት ለዚህ አይሆንም። ሁለት ሰው የሚያውቀው ይሁን። ካርታ፣ መታወቂያና ፓስፖርት ያለበት ፎልደር ለብቻው በይለፍ ቃል ይቆለፍ።

ዋናዎቹ ፎቶዎች አይጣሉም። ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ካርቶን ውስጥ፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከኩሽናና ከውጭው ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፌስታል እርጥበት ይይዛል። ናፍታሊን ካርቶኑ ውስጥ አትጨምሩ።

ለዘመድ ስታካፍሉ ቴሌግራም ላይ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። «ፎቶ» ተብሎ የተላከ ይጨመቃል፣ ያስገባችሁት ቀንም ይጠፋል። ሁሉንም በአንዴ አታፍስሱት፤ ማንም አያየውም። በሳምንት አምስት ስድስት ፎቶ፣ ስሙ ያልታወቀውን ሰው ክብ አድርጋችሁበት፣ «ይኼን የሚያውቅ?» ብላችሁ ልቀቁ። የመታወቂያና የውል ፎቶ ግን ግሩፕ ላይ አይወጣም። ከዚያ «እሱ አይደለም፣ ታናሹ ነው» የሚል የድምፅ መልእክት ይመጣል። እርማቱን ግሩፑ ላይ አትተዉት፤ የዚያኑ ዕለት ኤክሴሉ ላይ ከነተናጋሪው ስም አስገቡት፣ የድምፅ መልእክቱንም አውርዳችሁ «ድምፅ» ፎልደር ውስጥ ከፎቶው ቁጥር ጋር አስቀምጡት።